ውሃ ደሴ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ በትምህርት ቤት ያልተማረ የለም። ይሁን እንጂ ይህ አባባል የሚሠራው በባሕር ጠለል አጠገብ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስም ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ ደሴ ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ያስገባ ተማሪ የሚያነበው 92 ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛው ደግሞ 94 ገደማ ያነባል። 100ን የሚያይ የለም።

እንግዲህ ተማሪው በደብተሩ ላይ የትኛውን ቁጥር ይጻፍ? ጥያቄው የፊዚክስ ብቻ ይመስላል፤ እኛ ግን የግብረ ገብ ጥያቄም ነው እንላለን። ብዙ ተማሪ 100 ብሎ ይጽፋል። መጽሐፉ 100 ስለሚል፣ መምህሩም የሚያርመው በመጽሐፉ ስለ ሆነ፣ ቴርሞሜትሩም አሮጌ ነውና ሳይሳሳት አልቀረም ብሎ ስለሚያስብ ነው። በዚህ ልጅ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ከራሱ ዐይን ይልቅ የተማሩ ሰዎች የጻፉትን ማመኑ በከፊል ትሕትና ነው፤ እኛም እምነታችንን የተቀበልነው ከሌሎች ሰምተን ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ማመን አንድ ነገር ነው፤ ያላዩትን «አየሁ» ብሎ መጻፍ ሌላ ነው። የሙከራ ደብተር የምስክር ቃል የሚሰፍርበት ነው። «92 አነበብሁ፤ መጽሐፉ 100 ይላል፤ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ አላወቅሁም» ብሎ የጻፈ ተማሪ መጽሐፉንም አልናቀ፣ ዐይኑንም አልካደ። 100 ብሎ የጻፈው ግን፣ ነገሩ ትንሽ ቢሆንም፣ ስምንተኛው ትእዛዝ የሚከለክለውን የሐሰት ምስክርነት መለማመድ ጀምሯል። ከእርሱ ይበልጥ የሚጠየቀው ግን 92 በሚለው መልስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት የሚያደርገው ነው።

የሳይንሳዊ ዘዴ ትምህርት ብዙ ጊዜ በቃል የሚጠና ዝርዝር ሆኖ ይቀራል፤ ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ። ተማሪው በቅደም ተከተል ከጻፋቸው ነጥቡን ያገኛል። ቃላቱ ራሳቸው ግን የሚያስተምሩት አላቸው። መላምት መላ መምታት ነው፤ ሊስት እንደሚችል ዐውቆ መገመት። ተለዋዋጭ የሚለውንም በተራ ንግግር ቃሉን ለማይጠብቅ ሰው እንሰጠዋለን፤ በሙከራ ግን ሊለወጥ የሚችለው ነገር ሁሉ ተለዋዋጭ ነው። አንዱን እኛ ሆን ብለን እንለውጠዋለን፤ ሁለተኛው ያንን ተከትሎ ይለወጥ እንደ ሆነ እንለካዋለን፤ የቀሩት ሁሉ እንዳይለወጡ አጥብቀን እንይዛቸዋለን። አስቸጋሪው ይህ የመጨረሻው ነው።

የባቄላ ንፍሮ በየትኛው ከተማ ቶሎ እንደሚበስል ለማወቅ የደሴና የኮምቦልቻ ሁለት ክፍሎች ተስማሙ እንበል። ሆን ተብሎ የሚለወጠው ከፍታው ነው፤ የሚለካው የመብሰያው ጊዜ ነው። ደሴ ላይ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ንፍሮው ይዘገያል ብለው መላ ይመታሉ። ነገር ግን የደሴዎቹ በከሰል፣ የኮምቦልቻዎቹ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢቀቅሉ፣ ልዩነቱ የከፍታው ይሁን የእሳቱ ማን ያውቃል? ባቄላው ከአንድ ጆንያ ካልተሰፈረ፣ አንደኛው ወገን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ሌላው ሳይዘፈዝፍ ከቀረ፣ አንዱ ድስት ክዳን ኖሮት ሌላው ከሌለውስ? ውሃውም አለ። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ጥራጥሬን ቶሎ አያለሰልስም፤ ስለዚህ ከአንድ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ በጀሪካን ወደ ሁለቱም መወሰድ አለበት። «በሰለ» የሚባለው መቼ እንደ ሆነም አስቀድሞ መወሰን ያሻል፤ ለምሳሌ ከዐሥር ፍሬ ዘጠኙ በሁለት ጣት ሲጫኗቸው ሲፈርሱ። ይህ ካልተወሰነ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ መላ በሚስማማው ደቂቃ ድስቱን ያወርዳል፤ ክፋት ስላለበት ሳይሆን ሰው ስለ ሆነ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገደኛ፣ ስለ አየር ግፊት ከተደረጉት ሙከራዎች ስመ ጥሩው የተፈጸመው እንዲሁ በተራራ መውጣት እንደ ነበር ቢያስብ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 የፈረንሳዊው አማኝና የሒሳብ ሊቅ የብሌዝ ፓስካል የእኅት ባል ፍሎራን ፔሪዬ፣ በፓስካል ጠያቂነት፣ በክሌርሞን ከተማ አጠገብ ወዳለው ፒዩ ደ ዶም ተራራ የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ወጣ። ሜርኩሪውን ደግፎ የሚይዘው የአየር ክብደት ከሆነ፣ ከተራራው ላይ ዝቅ ማለት አለበት የሚል መላ ነበራቸው። ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ አለ። ፔሪዬ በዚህ ሳይረካ በተራራው ጫፍ ላይ ቦታ እየለወጠ፣ በጸሎት ቤቱ ውስጥም ከደጅም፣ ደጋግሞ ለካ። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ሌላ ተመሳሳይ ቱቦ በሚኒም መነኮሳት ገዳም የአትክልት ስፍራ አቁሞ፣ አባ ሻስታን የተባሉ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቁት ለምኖ ነበር። ሲመለስ መነኩሴው የነገሩት ሜርኩሪው ከቦታው ንቅንቅ እንዳላለ ነው። ይህ ምስክርነት ባይኖር ኖሮ፣ ሜርኩሪውን ዝቅ ያደረገው ከፍታው ይሁን የዕለቱ የአየር ጠባይ ሊለይ አይችልም ነበር። ታሪክ የሚያነሣው ተራራ የወጣውን ነው። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ምንም ያልሆነውን ነገር ተመልክተው «ምንም አልሆነም» ብለው በእውነት የመሰከሩትን አባት እናደንቃለን።

ፍጥረትን እንዲህ መመርመር እግዚአብሔርን መፈተን አይሆንምን ብለው የሚጠይቁ አይጠፉም። ጌታ በምድረ በዳ ለዲያብሎስ የሰጠው መልስ ትዝ ስለሚላቸው ነው። ቋንቋችንም ፈተና የሚለውን ቃል ለሰይጣን ወጥመድም ለተማሪ መመዘኛም ስለሚጠቀምበት ነገሩ ይደባለቃል። በሙከራ ላይ ግን የሚፈተነው የእኛ መላ ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 ዳንኤልና ጓደኞቹ አትክልትና ውሃ ብቻ ለዐሥር ቀን እንዲሰጣቸው ለምነው፣ ከዚያ በኋላ ፊታቸው የንጉሡን ማዕድ ከሚበሉት ወጣቶች ጋር እንዲነጻጸር ጠየቁ። የጊዜ ገደብ አለ፤ ማነጻጸሪያ አለ፤ ፍርዱም ለዳንኤል ሳይሆን ለጠባቂው ተተወ። በእርግጥ በዛሬው መመዘኛ ጥብቅ ሙከራ አይባልም፤ አራቱ ወጣቶች ከሌሎቹ የሚለዩት በምግብ ብቻ ሳይሆን በእምነትም ነበርና። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ክፍል ስታስተምሩ፣ የተለወጠው ስንት ነገር እንደ ሆነ ልጆቹን ብትጠይቋቸው ንባቡን ይበልጥ ያስተውሉታል።

ነገሩ የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜም አለ። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ መድኃኒትም ወስዶ፣ ጸሎትም ተደርጎለት ሲድን ስለ ሁለቱም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። «ያዳነው ጸሎቱ ብቻ ነው» ብሎ መስክሮ ሌላው በሽተኛ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ የሚያደርግ ሰው ግን ያላወቀውን መስክሯል። ቤተ ክርስቲያን ራስዋ እንዲህ አትቸኩልም። በሉርድ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ የሐኪሞች ቢሮ አለ፤ ከቀረቡት ከ7,000 የሚበልጡ የፈውስ ምስክርነቶች ተአምር ተብለው የታወጁት 70 ያህል ብቻ ናቸው። ሐኪሞቹ ከሚመረምሩት አንዱ፣ የተደረገው ሕክምና ፈውሱን ሊያስከትል ይችል እንደ ሆነ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባገኛቸው ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፤ ንብረቱም ወድሟል። መምህራን «ዕቃ የለንም» ሲሉ ስንሰማ ሰበብ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ቤተ ሙከራ ያለ መሣሪያ ሊሠራ አይችልምና። ለንፍሮው ሙከራ ግን አንድ ዐይነት ሁለት ድስት፣ ከአንድ ጆንያ የተሰፈረ ባቄላ፣ ውሃ የያዘ ጀሪካን፣ ሰዓትና ከድስቱ አጠገብ የማይነሣ ሰው ይበቃል። ከፍታውን ሐረጎ ይሰጠናል። ውጤቱ ከተመታው መላ ተቃራኒ ቢሆን፣ የኮምቦልቻው ንፍሮ ቢዘገይ፣ ያም እንዳለ ይጻፍ፤ ከዚያ ክዳኑን፣ እሳቱንና ውሃውን አንድ በአንድ ወደ መመርመር ይመለሱ።