ጥፋቱን አትሸፍኑ፣ ሰውን አትተዉ

ልጆቼ፣ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። ሰው በወደቀ ቀን፣ ትናንት ያጨበጨበለት እጅ ምሳር ያነሳል። ምሳር የማያነሳው ወዳጅ ደግሞ በሌላ በኩል ይሳሳታል፤ ዛፉ አልወደቀም ብሎ ይሟገታል። የዛሬው ምክሬ ከሁለቱም እንድትርቁ ነው።

የምትወዱት ስፖርተኛ በሰው አገር፣ ያውም በአደንዛዥ ዕፅ ተከሶ ቢታሰር ምን ብላችሁ ትቆሙለታላችሁ? እስከ መቼስ? ይህን የአሜሪካዊቷን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የብሪትኒ ግራይነርን ነገር ይዤ ላጫውታችሁ። ታሪኩ የአሜሪካና የሩሲያ ነው፤ ትምህርቱ ግን ልጁን ባሕር ማዶ ለላከ ሁሉ ነው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ከሥሩ ልነሳ።

ግራይነር ቁመቷ ሁለት ሜትር አልፎ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚጨምር፣ በዚያን ጊዜ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች፣ የፊኒክስ መርኩሪ ክለብ ምሰሶ ነበረች። ያም ሆኖ በአገሯ የሴቶች ሊግ ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው ትልቁ ደመወዝ በዓመት 230,000 ዶላር አይሞላም ነበር። የሩሲያው ክለብ ዩኤምኤምሲ የካተሪንበርግ ግን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፍላት ስለነበር፣ የአገሯ ውድድር ባለቀ ቁጥር ሻንጣዋን ይዛ ወደዚያ ትበር ነበር። ይህ እንጀራ ፍለጋ ነው። ልጆቹን ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ የሸኘ ሕዝብ «ምን ልትሠራ ሄደች?» ብሎ አይጠይቅም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022 ሞስኮ፣ ሼረሜትየቮ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ጉምሩክ ሻንጣዋን ፈተሸ። የሐሺሽ ዘይት ያለባቸው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ (ቬፕ) ካርትሪጆች ተገኙ። ሲመዘን 0.702 ግራም ሆነ፤ አንድ ግራም እንኳ አልሞላም። አሪዞና ውስጥ ሐኪም ለሕመሟ ማስታገሻ ፈቅዶላት ነበር፤ ሩሲያ ውስጥ ግን ወንጀል ነው። በሳምንቱ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። «ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል» እንዲሉ፣ አንዲት ተጫዋች የሁለት ኃያላን መደራደሪያ ሆና ቁጭ አለች። ጁላይ ላይ ችሎት ቆማ ጥፋቷን አመነች። በጥድፊያ ዕቃ ስታሰናዳ ሳታስበው እንደገባና ሕግ ልጣስ ብላ እንዳላደረገችው ተናገረች። ኦገስት 4 ቀን 9 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን ሩብል ቅጣት ተፈረደባት።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክሬ እዚህ ላይ ነው። እሷ ያመነችውን እናንተ አትካዱ። «ምንም አላደረገችም» ብሎ የተነሳ ደጋፊ፣ እሷ «አዎ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር» ያለች ቀን ቃሉ ከእጁ ይወድቃል፤ ያፍርና ይበተናል። «ከአንድ ግራም ላነሰ ዘይት 9 ዓመት ግፍ ነው» ብሎ የተነሳውን ግን ማን ይመልሰዋል? ዐቃቤ ሕጉም ሚዛኑን አይክድም። ጥፋትንና ቅጣትን ለይታችሁ ያዙ። ጥፋቱን ስታምኑ ስለ ቅጣቱ የምትናገሩት ቃል ክብደት ያገኛል። ደግሞም የራሳችሁን ደጅ ጥረጉ። በአሜሪካም ጥቂት ማሪዋና ተገኘባቸው ተብለው ስማቸው በወንጀል መዝገብ የሰፈረ ብዙዎች አሉ፤ ፕሬዝዳንት ባይደን በዚያው በ2022 ኦክቶበር ላይ በፌዴራል ሕግ ለተፈረደባቸው ምሕረት ያደረጉት ለዚህ ነው። ለሩቋ እስረኛ የሚጮህ አንደበት ለቅርቡም እስረኛ ይጩህ።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ፍርዱ እስኪታወቅ ብላችሁ ስንቁን አታዘግዩ ነው። በእኛ አገር እስር ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። እናት በማለዳ ተነስታ ወጧን ሠርታ፣ እንጀራውን በፌስታል ጠቅልላ ትሰለፋለች። ተራዋ ሲደርስ ዘቡ ምሳ ዕቃውን ያስከፍታትና «ቅመሺ» ይላታል፤ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ታሳልፋለች። ባዶው ዕቃ ሲመለስላት ልጇ መብላቱን ታውቃለች። ልጇ ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ ዳኛው ገና አልወሰነም፤ ረሃቡ ግን ዳኛውን አይጠብቅም። እስረኛ መጠየቅ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ጽድቅ ነው፤ የትኛውም ቤት «ንጹሕ የሆነውን ብቻ ጠይቅ» ብሎ አላስተማረም።

ለግራይነር ስንቅ የሆነላት ደብዳቤ ነው። የሙያ ጓደኞቿ በኢሜይል የጻፉላት መልእክት እየታተመ፣ በሩሲያ ሹሞች ዓይን እየታለፈ፣ በጠበቆቿ እጅ በጥቅል በጥቅል ይደርሳት ነበር። በዚያ ዓመት በሊጉ የአሥራ ሁለቱም ክለቦች ሜዳ ወለል ላይ የስሟ መነሻ ፊደላትና መለያ ቁጥሯ 42 ተለጠፈ። ጁላይ ላይ ቺካጎ በተደረገው የከዋክብት ጨዋታ፣ ከእረፍት በኋላ ተጫዋቾቹ ሁሉ 42 ቁጥርን ለብሰው ወጡ። ከቀናት በኋላ ግራይነር በችሎቱ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆማ ያንን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጋ አሳየች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ሌላ ነው። የሩሲያው ክለቧ ዳይሬክተርና አንዲት ሩሲያዊት የቡድን ጓደኛዋ ፍርድ ቤት ቀርበው ስለ መልካም ጠባይዋ መሰከሩ። አገራቸው ጦርነት ላይ ነው፣ ተከሳሿ አሜሪካዊት ናት፤ እነሱ ግን አብረዋት የበሉትንና የተጫወቱትን ሰው አናውቃትም አላሉም። ስለዚህ ልጆቼ፣ ለአንድ እስረኛ ስትቆሙ ያሰራትን አገር ሕዝብ በጅምላ አትስደቡ። በዚያ ሕዝብ ውስጥ ምስክሯ ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ምክሬ ስለ አንደበት ነው። ሰው ሲታሰር ወዲያው መጮኽ ያምረናል። የግራይነር ቤተሰቦችና አማካሪዎች ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግን መረጡ፤ ጩኸቱ በበዛ ቁጥር የሚጠየቅባት ዋጋ ይንራል ብለው ሰግተው ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይሏል። በሜይ መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በግፍ የተያዘች ናት ብሎ ሲወስን ግን አካሄዱ ተለወጠ፤ ባለቤቷ ሼሬል በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረበች ተናገረች፣ ግራይነርም ከእስር ቤት ለፕሬዝዳንቱ ደብዳቤ ጻፈች። ዝምታውም ንግግሩም በየጊዜው ልክ ነበረ። እናንተም ዝም የሚባልበትንና የሚጮህበትን ጊዜ ቤተሰቡንና ጠበቃውን ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አትወስኑ። ያልተጣራ ወሬ አታራቡ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ነው፤ እናንተ በቅንነት የለጠፋችሁት ቃል ችሎት ላይ ማስረጃ ሆኖ በእስረኛው ላይ ሊመለስ ይችላል።

አራተኛው ምክሬ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ዝነኛውን ስታስቡ ስም የለሹን አትርሱ። ኦገስት 2021 ላይ፣ በዚያው በሼረሜትየቮ፣ ሞስኮ ውስጥ በአንግሎ አሜሪካን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ማርክ ፎግል የሚባሉ መምህር ተይዘው ነበር። የተገኘባቸው 17 ግራም ያህል ለሕክምና የታዘዘላቸው ማሪዋና ነው። 14 ዓመት ተፈረደባቸው። መለያቸውን ለብሶ የሚወጣ ቡድን አልነበራቸውም። አሜሪካ በግፍ የተያዙ ናቸው ያለችው በ2024 መጨረሻ ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እናታቸው ደጅ ሲጠኑ ኖረው ልጃቸው የተፈቱት በፌብሩዋሪ 2025 ሆነ። ግራይነር አሥር ወር ባልሞላ ጊዜ አገሯ ስትገባ፣ መምህሩ 3 ዓመት ተኩል ቆዩ።

ይህን ያዩ አንዳንዶች ቁጣቸውን በግራይነር ላይ መለሱት። «እሷ ዝነኛ ስለሆነች» አሉ። ሌሎች ደግሞ የክለቧ አሠልጣኝ ቫኔሳ ናይጋርድ እሷ ታስራ ሳለች እንዳሉት፣ የወንዶቹ ቅርጫት ኳስ ኮከብ ሌብሮን ቢሆን ኖሮ እስካሁን አገሩ ገብቶ ነበር፤ ሴት በመሆኗ፣ ጥቁር በመሆኗ ዘገየች አሉ። ሁለቱም ወገን ያየው ነገር አለ። ነገር ግን አንዱን እስረኛ በሌላው እስረኛ መምታት ምን ይጠቅማል? «አንዱ ባንዱ ሲስቅ ጀንበር ጥልቅ» ነው፤ ቤተሰቦች ሲካሰሱ ውሎ ይመሻል፣ አሳሪው ግን ይደላደላል። የዝነኛዋ ስም በሩን ከከፈተው፣ በሩ ሳይዘጋ ሌላውንም አሳልፉ። በ2022 ጁላይ ላይ የእስረኞቹ ቤተሰቦች ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ውስጥ በአንድ ግድግዳ ላይ የግራይነርን ፊት ብዙዎች ከማያውቋቸው እስረኞች ፊት ጋር አብረው አሳሉ። እንዲህ ነው እንጂ!

እሷም ውለታውን አልረሳችም። በሞርዶቪያ የእስረኞች ካምፕ፣ ብርዱ አላስቀምጥ ብሏት ረጅም ፀጉሯን ቆርጣ ከከረመች በኋላ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2022 አቡ ዳቢ ላይ በቪክቶር ቡት ተለውጣ ተፈታች። ቡት በጦር መሣሪያ ንግድ አሜሪካ ውስጥ 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው ነው። ዋጋው በዛ ያሉ ነበሩ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፣ ለታሰረ ሰው ብዙ የሚከፈል ከሆነ አሳሪ ይበዛልና። መልሱ ግን እስረኛዋን መውቀስ አይሆንም፤ ዋጋውን የተመነችው እሷ አይደለችም። አገሯ በገባች በሁለት ሳምንቷ በእጇ ጽፋ ያወጣችው መልእክት፣ ለእኔ የጻፋችሁልኝን ደብዳቤ አሁን ሩሲያ ለቀረው ለሌላው አሜሪካዊ እስረኛ ለፖል ዊላን ጻፉለት የሚል ነበር። ዊላን በኦገስት 2024 ተፈታ። እሷም በዚያው ክረምት ፓሪስ ላይ ሦስተኛ ወርቋን አጠለቀች።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛም የራሳችን እስረኞች አሉን። አድርሺልኝ ተብላ የተሰጧትን የሻምፑ ጠርሙሶች ይዛ ሄዳ፣ ውስጣቸው ኮኬይን ተገኘ ተብላ ቻይና የታሰረችውን ወጣት አስታውሱ፤ ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ፊርማ ሲያሰባስብ ነበር። ሐሺሽ አዘዋወራችሁ ተብለው በሳዑዲ ዓረቢያ የሞት ቅጣት የተፈጸመባቸው ኢትዮጵያውያንስ? አብዛኞቹን ስማቸውን እንኳ አናውቀውም። ሜዳሊያ ስለሌላቸው ጠያቂ ሊያጡ አይገባም ነበር። ለሯጫችን የምንሰበሰበውን ያህል ለቤት ሠራተኛዋና ለእረኛውም እንሰብሰብ፤ ኤምባሲው ጠበቃና አስተርጓሚ እንዲያቆም እንጠይቅ፤ የፍርድ ቀኑን መዝግበን እንከታተል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነው፤ ድሩ የሚያብረው ግን ዜናው ከቀዘቀዘ በኋላም ስንያያዝ ነው።

እናንተ ወደ ውድድር የምትወጡት ደግሞ ይህን ያዙ። «እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደወንዙ ይሻገሯል»። ሐረርና ድሬዳዋ ገበያ ላይ በግላጭ የሚሸጠው ጫት በእንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በአሜሪካም በሳዑዲም ያሳስራል። አዲስ አበባ ከፋርማሲ የምትገዙት የሕመም ማስታገሻ ዱባይ ላይ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የሐኪሙን ወረቀት ያዙ፣ የምትሄዱበትን አገር ሕግ ቀድማችሁ ጠይቁ። የመጓዣችሁ ዕለት ሻንጣችሁን ኪስ በኪስ እየከፈታችሁ ፈትሹ። ቦሌ ድረስ መጥቶ በስኮች የተጠቀለለ ዕቃ «በርበሬ ነው፣ ለእህቴ አድርስልኝ» ለሚላችሁ ዘመድም፣ ፈትታችሁ ካላያችሁት አትቀበሉ። ቢቀየም ይቀየም፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። አደራ መቀበል ባህላችን ነው፤ የማያውቁትን ዕቃ መሸከም ግን አደራ አይባልም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ክፉ ቀን የሚመጣው ሳይጠራ ነው። ከእናንተ አንዱ ቢወድቅ፣ የቀራችሁት ጥፋቱን በእውነት ተናገሩ፣ ቅጣቱን በሚዛን ለኩ፣ ደብዳቤውን በየሳምንቱ ጻፉ፣ አጠገቡ ያለውንም ስም የለሽ እስረኛ አብራችሁ ጥሩ። ወጥታችሁ ግቡ፤ እግራችሁ እንቅፋት አይምታው፣ ሻንጣችሁ ክፉ አይግባበት። የታሰሩትን ያስፈታልን፤ ጠያቂ ያጡትን ጠያቂ አያሳጣቸው። አሜን።