ስሙ የማን ነው?

ስም የማን ንብረት ነው? መጀመሪያ የተጠራበት ሰው ነው ወይስ ዛሬ የሚጠራበት? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል። ቅድመ አያቶቹን በባርነት ሲገዛ በነበረ ሰው ስም ለሚጠራ ወጣት ግን ጨዋታ አይደለም። እስቲ «ዋሽንግተን» የሚለውን ስም ተከትለን እንሂድ።

ብዙዎቻችን ይህን ስም ስንሰማ ትዝ የምትለን ዘመዶቻችን የሚኖሩባት የአሜሪካ ዋና ከተማ ናት። የስሙ አገር ግን ሰሜን እንግሊዝ ነው፤ በደርሃም አውራጃ የነበረች አንዲት መንደር። የቦታ ስም የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት ትርጉሙ «የህዋሳ ሰዎች ይዞታ» እንደ ማለት ነው። (ከእኛዋ ሐዋሳ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቢኖረው ደስ ባለን!) በ12ኛው መቶ ዘመን ዊልያም የሚባል ባላባት ርስቱን ለውጦ ወደዚያች መንደር ተዛወረ፤ የቀድሞ መጠሪያውንም ትቶ በመንደሯ ስም ተጠራ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ የተከበረ የቤተሰብ ስም ገና ከመነሻው የተዋሱት ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ጆን የተባለው በ1650ዎቹ ባሕር ተሻግሮ ቨርጂኒያ ገባ። የልጅ ልጅ ልጁ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1732 ተወለደ። የቀረውን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ የጦር አዛዥ፣ ፕሬዚዳንት፣ በሕይወት ሳለ በ1791 በስሙ የተሰየመች ከተማ፣ በ1889 ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍለ ግዛት፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ተራሮች፣ ድልድዮች። ጆርጅ ዋሽንግተን ግን ከአብራኩ የተገኘ ልጅ አልነበረውም።

ታዲያ ስሙን በቤታቸው የያዙት እነማን ናቸው? በ2000 በተደረገው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ተገኙ። ከመቶ 90 ያህሉ ጥቁሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1799 ጆርጅ ሲሞት በርስቱ ላይ 317 ባሮች ነበሩ፤ 123ቱ የራሱ ነበሩ። እነዚህ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነጻ እንዲወጡ ተናዘዘ፤ እርስዋም ሳትሞት በ1801 መጀመሪያ ለቀቀቻቸው። የዛሬዎቹ ዋሽንግተኖች ሁሉ የእነዚያ ዘሮች ናቸው ማለት ግን አይደለም። ብዙዎቹ ነጻ የወጡ ሰዎች ስሙን ራሳቸው መርጠው ነው የያዙት።

ቡከር ዋሽንግተንን እንውሰድ። በባርነት ተወልዶ ነጻነት ከታወጀ በኋላ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነበር። መምህሩ ስም ሲጠራ ሌሎቹ ልጆች ሁለትም ሦስትም ስም አላቸው፤ እርሱ ቡከር ብቻ ነው። ተራው ሲደርስ፣ እድሜ ልኩን ሲጠራበት እንደ ኖረ ሁሉ ረጋ ብሎ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። ይህ ልጅ አድጎ በ1881 የቱስኪጊ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆነ፤ ዛሬ በአሜሪካ በየከተማው በእርሱ ስም የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። በእነዚያ ደጆች የሚገባ ተማሪ «ዋሽንግተን» ሲል ጄኔራሉን አያስብም።

ሌላ መልስ የሰጡም አሉ። ማልኮም ሊትል የቤተሰብ ስሙን ጥሎ «ኤክስ» ተባለ፤ በሒሳብ ያልታወቀውን ቁጥር እንደምንጽፍበት፣ ከአፍሪካ ሲጋዙ የጠፋውን ስም ወከለበት። ይህን ንቆ ማለፍ አይገባም። ቁስል አለበት። ቢሆንም እኔ የማደላው ለቡከር ነው። ገዢ የሰጠው ስም ሰውየውን ገዢው የሚፈልገውን አያደርገውም፤ ዳንኤልን ብልጣሶር ብለው ጠሩት፣ ባቢሎናዊ ግን አላደረጉትም። ቡከር ደግሞ ከዚህም አልፏል፤ ማንም ሳያስገድደው ከፊቱ ያገኘውን ስም አንሥቶ የራሱ አደረገው። ያ የ12ኛው መቶ ዘመን ባላባት ካደረገው በምን ያንሳል?

እኛ የቤተሰብ ስም የሌለን ሕዝብ ነን፤ አባት ልጁን ይከተላል፣ ከአያት በላይ ያለው ከቅጽ ላይ ይወድቃል። እዚያው ዋሽንግተን ሲደርሱ ግን ብዙ ወገኖቻችን በወረቀት ላይ የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ይሆንባቸዋል። ከቀዬው ርቆ የማያውቅ አንድ ገበሬ ሳያስበው የማያያቸው ትውልዶች መጠሪያ ሆነ። አሳሳች ወረቀት ነው እንላለን፤ ስም ግን ሁልጊዜም የሚሄደው እንዲሁ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማይረሳኝ ሃሪ ነው። አፍሪካ ተወልዶ ለጆርጅ ዋሽንግተን የተሸጠ ሰው ነበር። በ1776 ከርስቱ አምልጦ ወደ እንግሊዞች ገባ። በ1783 ጦርነቱ ሲያልቅ ጄኔራሉ ያመለጡት ባሮች እንዲመለሱ ጠየቀ፤ የእንግሊዙ አዛዥ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ከኒው ዮርክ ወደ ኖቫ ስኮሺያ የሚሳፈሩት ጥቁሮች በመዝገብ ሲጻፉ ሃሪም ተጻፈ፤ ሃሪ ዋሽንግተን ተብሎ። በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻገረ። በ1800፣ የቀድሞ ጌታው ከሞተ ዓመት ሳይሞላ፣ ፍሪታውንን የሚያስተዳድረው ኩባንያ የጣለውን የመሬት ግብር እምቢ ብለው ከተነሡት ሰፋሪዎች አንዱ ሆነ። ጆርጅ ዋሽንግተን ያለ ፈቃድ የተጣለ ግብርን ከተቃወሙት ጋር ተነሥቶ አገር አቁሟል። ሃሪ ዋሽንግተን በዚሁ ምክንያት ተፈርዶበት ከወንዙ ማዶ ተጋዘ።