ፍትሕን ከማን እንጀምር?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ የቋንቋ ሞዴሎችን የሚሠሩ ኩባንያዎች በብርቱ ይሽቀዳደማሉ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የቻይናው ዲፕሲክ አዲስ ሞዴል ሲያወጣ ፉክክሩ በረታ። ሞዴሎቹ የሚማሩት ከተጻፈ ነገር በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛ እየተራቀቁ በአማርኛ ይሰናከላሉ። እኛም «ተዘነጋን» እያልን እናማርራለን።

ቅሬታችን እውነት ነው። ነገር ግን ከሸዋ ሮቢት ወደ ይፋት መንደሮች ዘወር ብለን እንመልከት። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሆኖም የተጻፈበት እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ብዙዎቹ የአርጎባ ልጆች ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ዞረዋል። ታዲያ አርጎባው «እናንተስ ዘንግታችሁን የለምን?» ቢለን ምን እንመልሳለን?

የሰው ክብር በቋንቋው በተጻፈው ብዛት አይለካም። ከታላላቆች የምንሻውን ፍትሕ አስቀድመን ለጎረቤታችን እናድርግ፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ፣ በፈቃዳቸው፣ ቃላቸውን ሰምተን እንጻፍ። የምንጽፈውም ለልጆቻቸው ርስት እንጂ ለፉክክሩ ቀለብ አይሁን።