የፌስታል ዕዳ



ባለፈው ዓመት ክረምት እዚህ ጉንደ ወይን የአንዲት ጎረቤታችን ላም መብላት አቆመች። ሆዷ ተነፋ፤ ማመስኳትም ተወች። ከመሞቷ በፊት ትታረድ ተባለና ቢስሚላህ ተብሎ ታረደች። ጨጓራዋ ሲቀደድ የሰው ጭንቅላት የሚያህል የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ባለመስመር፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተጠምጥሞ። ባልቴቷ ከዚያች ላም ወተትና ቅቤ በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ኳሱን ትክ ብለው አዩትና «ኡስታዝ፣ እንግዲህ የምከሰው ማንን ነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን እንደ ምሬት ብቻ ልሰማው አልቻልኩም። በፊቅህ እንደተማርነው በሕዝብ መንገድ ላይ ያለ አግባብ ጉድጓድ ቆፍሮ የሄደ ሰው፣ የሰው ከብት ገብቶ ቢሞትበት ይጠየቃል። ቆፋሪው በቦታው አለመኖሩ ከዕዳው ነፃ አያወጣውም። ታዲያ የዚህ ጉድጓድ ቆፋሪ ማን ነው? የጣለው? የሸጠው? ወይስ የሠራው? የጣለው አንድ ሰው አይደለም፤ የትኛው ፌስታል የማን እንደነበረ የሚመሰክርም የለም።

«የሠራውማ ማሽን ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ስለ ማሽኑ ላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ፣ ዘመዴ የሚሠራበትን የፕላስቲክ ፋብሪካ የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። የውሃ ጠርሙስ ሲሠራ መጀመሪያ አጭርና ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ እነሱ ፕሪፎርም ይሉታል። በመብራት ሙቀት ይለሰልሳል፤ ዘንግ ገብቶ ይለጥጠዋል፤ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት አየር ሲነፋበት የቅርጹን ግድግዳ ነክቶ ጠርሙስ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንድ ነው። ሙቀቱንና ግፊቱን የሚጠብቀው ኮምፒዩተር ነው፤ የተጣመመውን ካሜራ አይቶ ይለየዋል። ብዙ ሰው ይሠራበት በነበረው ክፍል ሁለት ልጆች መስታወቱን እያዩ ቆመዋል። የወጡት የት ደረሱ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

ዘመዴ አንድ ነገር አስረዳኝ። ልኩ ከጠርሙስ ጠርሙስ የሚለያይ ከሆነ፣ ቀጭኑ እንዳይፈነዳ ሲባል ለሁሉም ፕላስቲክ ይጨመራል። ማሽኑ አንድ ዓይነት አድርጎ ሲሠራ ግን ያ ትርፍ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ የግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 19 ግራም ይመዝን ነበር፤ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ወደ 10 ግራም ወርዷል። ዘጠኝ ግራም ምን አላት አትበሉ። በአንድ ሚሊዮን ጠርሙስ 90 ኩንታል ፕላስቲክ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በውዱእ ላይ እንኳ፣ ወንዝ ዳር ሆነን ቢሆን፣ ውሃ እንዳናባክን አስተምረውናል። ኢስራፍን የሚቀንስ ማሽን እንግዲህ በምን ይወቀሳል? እኔ አልወቅሰውም።

ችግሩ ያው ብልሃት ወደ ፌስታል ሲዞር ነው። ፌስታል የሚሠራው ፕላስቲኩ ቀልጦ በክብ አፍ ሲወጣ እንደ ረጅም ፊኛ እየተነፋ ነው። ማሽኑ ይበልጥ ባሳሳው ቁጥር ከአንድ ኪሎ ብዙ ፌስታል ይወጣል። በሚዛን ከተለካ ይህም ቁጠባ ነው። ነገር ግን ስሱ ፌስታል ከገበያ ቤት ሳይደርስ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ባለሱቁ ሁለት ደርቦ ይሰጠናል። ሁለተኛ አያገለግልም። ነፋስ አንስቶ አጥር ላይ ይሰቅለዋል። ጨውና የምግብ ሽታ ስለያዘ ከብት ይውጠዋል። ክብደት ስለሌለውም የሚለቅመው የለም። ሀይላንዱን እኮ እናቶች አጥበው ዘይት ያደርጉበታል፣ ልጆች ውሃ ይዘውበት ይማራሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ቆራሌውም ይገዛዋል። ስለዚህ ከጠርሙሱ ላይ የተቀነሰው ግራም በረከት ሲሆን፣ ከፌስታሉ ላይ የተቀነሰው ግን ለላሟ መርዝ ሆነ።

ይህን ሕጉም ቀድሞ አይቶት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና በተፈጥሮ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጎ ነበር። ሆኖም ስሱ ፌስታል ከገበያችን ጠፍቶ አያውቅም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ።

ማሽን ኒያ የለውም። የተሰጠውን ልክ በታማኝነት ይጠብቃል፤ አማና ጠባቂ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልኩን የሚመርጥለት ግን ሰው ነው። «ግራም ቀንስ» ሲባል ግራም ይቀንሳል። የባልቴቷ ላም ጨጓራ በዚያ የቁጥር ሰሌዳ ላይ ቦታ አልነበረውም፤ ያስገባው ሰው ስላልነበረ። ባለ ፋብሪካውን ብትጠይቁት «ገበያው የሚፈልገው ርካሹን ነው» ይላችኋል። ውሸቱን አይደለም። ገበያው ማለት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሩብ ኪሎ ስኳር በአንድ ፌስታል፣ ቡናውን በሌላ፣ ሁለቱን በሦስተኛ አንጠልጥዬ የምገባው። እናቶቻችን በዘንቢል ይገበዩ ነበር ብሎ መቆጨት ይቀላል። የሐምሌ ዝናብ ስኳሩን መንገድ ላይ ያሟሟበት ሰው ግን ፌስታልን እንዲሁ አያማም።

ለባልቴቷ ምትክ ጊደር ለመግዛት በመንደሩ መዋጮ ተጀመረ። ስንት እንደሚደርስብኝ ላሰላ ሞከርኩ፤ በየትኛው ሚዛን? የቤተሰቤን ቁጥር? ሱቅ የምንመላለስበትን ቀን? ባለቤቴ «ያ ሰማያዊው ከእኛ ቤት የወጣ ይመስለኛል» አለችና ዝም አለች። በመጨረሻ ሊጎዳኝ የሚችለውን ያህል ገንዘብ ቆጥሬ ወሰድኩላቸው።

ባልቴቷ ብሩን ሳይነኩ «ኡስታዝ፣ ሶደቃ ነው ወይስ ዕዳ?» ብለው ጠየቁኝ።

ዕዳ ነው አልኳቸው። ተቀበሉኝ።