የሥጋ ባለይዞታ

ጆን ማኪ ሁለት ቀለበቶች ነበሩት። አንዱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በጥር 1971 ክለቡ ባልቲሞር ኮልትስ የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ የሆነውን ሱፐር ቦውልን ሲያሸንፍ ነው፤ ሌላውን ደግሞ በ1992 ስሙ በአሜሪካ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ሲሰፍር። ዕድሜው ስድሳን ካለፈ በኋላ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ያሉ ፈታሾች ቀለበቶቹን አውልቅ አሉት። እምቢ አለ። ሊቀሙት የመጡ መስሎት ጥሷቸው ሲሄድ ተረባርበው መሬት ላይ ጣሉት። ሚስቱ ሲልቪያ ባሏ ታማሚ መሆኑን ልታስረዳቸው ከኋላ ትጮህ ነበር።

ማኪ «ታይት ኤንድ» ነበር። ስሙ ለወረታ አንባቢ ብዙም ስለማይነግረው ሥራውን መናገር ይሻላል። ታይት ኤንድ የሚሰለፈው በአጥቂው መስመር ጫፍ ነው። አንዴ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ተከላካይ በደረቱና በትከሻው እየገፋ ለጓደኛው መንገድ ይከፍታል። ቀጥሎ ደግሞ ራሱ ሮጦ ኳስ ይቀልባል፤ ገና ከእጁ ሳትረጋ ከጎንም ከፊትም ይገጩታል። ገፊውም ተቀባዩም እሱ ነውና የሁለቱም ምት ይደርሰዋል። ማኪ ይህን ከ1963 እስከ 1972 ድረስ አሥር የውድድር ዘመን ሠርቶበታል። በዚያ የ1971 ፍጻሜ በሰው እጅ ተነካክታ የመጣችውን ኳስ ቀልቦ ነጥብ ያስቆጠረበት የ75 ያርድ ጨዋታ እስከ ዛሬ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ69 ዓመቱ ሲሞት አንጎሉን የመረመሩት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ሲቲኢ የተባለውን በሽታ አገኙበት። ጭንቅላት ለዓመታት በተደጋጋሚ ሲመታ የሚመጣ፣ ማስታወስን፣ ጠባይንና ማሰብን ቀስ በቀስ የሚበላ በሽታ ነው።

ታዲያ ማኪ የሸጠው ምን ነበር? የራሱ የሆነውንስ ነው የሸጠው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱ አካል ባለቤት ነው ብሎ ጽፏል። የዛሬው የሥራ ውልም የስፖርት ውልም በዚህ ሐሳብ ላይ ቆሟል፤ ጉልበቴ የእኔ ነው፣ እሸጠዋለሁ። ይሁን እንጂ ያው ሎክ ሰው የፈጣሪ ሥራ ስለሆነ ራሱን ሊያጠፋ መብት የለውም ይላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው፣ የራሳችሁም አይደላችሁም ብሎ አስተምሯል። በእስልምናም ሥጋ ከአላህ የተሰጠ አማና፣ ማለትም አደራ፣ ነው። ባለቤት ነህ የሚለውና ባለአደራ ነህ የሚለው እንዲህ ከተፋጠጡ ቆይተዋል።

በወረታ ዙሪያ ባለው በፎገራ ላይ ግን በሁለቱ መካከል የሚኖር ሰው አለ፤ ገበሬው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው በሚተኙበት ጥቁር አፈር ላይ ሩዝ ይዘራል፤ ሩዙ ሲነሳ በቀረችው እርጥበት ጓያ ያበቅላል፤ ውኃ የደረሰው ደግሞ ሽንኩርት ያለማል። መሬቱን ያርሳል፣ ለተወሰነ ዘመን ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል። መሸጥ ግን አይችልም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ገበሬው የሚባለው ባለይዞታ ነው። ሕጉ ለኢኮኖሚው በጀ አልበጀ የሚለውን ክርክር እዚህ ማንሳት አያስፈልግም። እዚህ የሚጠቅመው ማከራየትና መሸጥ ለየብቻ መሆናቸውን ማንም የፎገራ ገበሬ ማወቁ ነው። የተከራየ መሬት ተመልሶ የሚታረስ መሬት ሆኖ ይመለሳል። ባልና ሚስት በጋራ በያዙት መሬት ደብተር ላይ ደግሞ የእሷም ፎቶግራፍ ከእሱ ጎን ተለጥፏል፤ እሷ ሳትስማማ ለሌላ አሳልፎ ልስጥ ቢል አያስኬደውም።

ሥጋንም እንዲህ ማየት ይቻላል። ማኪ ጉልበቱን ለአሥር ዓመት ማከራየቱ ነበር፤ የሚጫወትበት ሊግ ግን የመለሰለት የወሰደውን አልነበረም።

እርግጥ ይህ አነጋገር አንድ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። መሬት ከባለይዞታው በኋላም ይኖራል፤ ሥጋ ግን ቢሠሩበትም ቢያስቀምጡትም ያልቃል። ከንጋት እስከ ማታ ጎንበስ ብላ ሩዝ ስታርም የምትውል ሴት ወገቧን ለነገ አላስቀመጠችም። ወንጌልም መክሊቱን ከመሬት የቀበረውን አገልጋይ ይወቅሰዋል እንጂ አያመሰግነውም። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ደግሞ እንመልከት። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጥር 24 ቀን የምታከብረው ስባረ አጽማቸውን፣ ማለትም በጸሎት ብዛት እግራቸው የተሰበረበትን ቀን ነው፤ ከዚያም በኋላ በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው ጸለዩ ይባላል። ሥጋን መጨረስ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህ በዓል ባልኖረ ነበር። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ይመስላል። ጻድቁ የሚከፍሉትን ያውቁ ነበር፤ በእግራቸው ስብራት የከበረ ነጋዴም አልነበረም።

ማኪ ግን አላወቀም። ጉልበቱና ትከሻው እንደሚጎዳ ያውቅ ነበር፤ አንጎሉ እንደሚያልቅ የነገረው አልነበረም። በሽታው ከፉትቦል ጋር መያያዙን ለዓለም ያሳየው ናይጄሪያዊው ሐኪም ቤኔት ኦማሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፒትስበርግ ውስጥ በ50 ዓመቱ የሞተውን የቀድሞ ተጫዋች ማይክ ዌብስተርን አንጎል መረመረ፤ በ2005 ግኝቱን አሳተመ። የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። የሊጉ ባለሥልጣን በጨዋታውና በበሽታው መካከል ግንኙነት እንዳለ በይፋ ያመነው በ2016 ነው፤ ማኪ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ከተመረመሩት 111 የሊጉ ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ በሽታውን አግኝቷል። አንጎሉን የሰጠው ግን አብዛኛው የተጠራጠረ ቤተሰብ ስለሆነ ቁጥሩ ሁሉንም ተጫዋች ይወክላል ማለት አይደለም።

ፈቅዶ ነው የተመታው የሚል ይኖራል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለውም ለዚሁ ነው፤ በገና ዱላ ቅልጥሙን የተመታ ጌታ አሽከሩን አይከስም። ነገር ግን ወደ ሜዳው የገባው ዱላውን አይቶ ነው። የማይታየውን ምት ፈቅዷል ማለት ፈቃድ የሚለውን ነገር ባዶ ማስቀረት ነው።

ደግሞም የሚከፍለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከፎገራና ከጎረቤቱ ሊቦ ከምከም ብዙ ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ይወርድ ነበር። ጉልበቱን ለጥቂት ወራት አከራይቶ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሁለቱ ወረዳዎች ካላዛር ተቀሰቀሰ። መጀመሪያ መድኃኒት አልበግር ያለው ወባ መስሎ ነበር። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል፤ ሕክምናው ያኔ በየቀኑ መርፌ ሲሆን አንድ ወር ገደማ ይፈጅ ነበር። ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ከቆላ ከተመለሱት የቀን ሠራተኞች ጋር ያያይዙታል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ግን ማን ሁመራ እንደወረደ ለይታ አትነክስም። ሁመራን በዓይናቸው ያላዩ ሕፃናትም ታመሙ። ወጣቱ ሲዋዋል የእነሱን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን አያውቅም ነበርና ጥፋተኛ አይባልም።

የማኪ ውል ላይም የሲልቪያ ፎቶግራፍ አልነበረም። ባሏ ሲታመም በወር 2,500 ዶላር የማይሞላ ጡረታ ነበረው፤ እሷ ከሃምሳ ዓመቷ በኋላ የጤና መድን ለማግኘት የበረራ አስተናጋጅነት ገባች። በ2006 ለሊጉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈች። በዓመቱ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ አእምሯቸው ለደከመ የቀድሞ ተጫዋቾች፣ በተቋም ለሚታከም እስከ 88,000 ዶላር በዓመት፣ በቤቱ ለሚታገዝ ደግሞ እስከ 50,000 ዶላር የሚሰጥ ዕቅድ አቋቋሙ። ስሙ «88 ዕቅድ» ነው፤ 88 የማኪ የማልያ ቁጥር ነበር። የሚገርመው፣ ማኪ በጉልምስናው የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተጫዋች ውሉን ጨርሶ ወደፈለገው ክለብ እንዳይሄድ የሚያስረውን ደንብ በፍርድ ቤት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ1976 አሸንፎ ነበር። ጉልበቱን ለማን እንደሚያከራይ የመምረጥ መብት አስከበረ። የተከራየው ሳይጎዳ ይመለስልኝ የሚለው ክርክር ግን ገና አልተወለደም ነበር።

የፊርማው ነገር አሁን በመጠኑ ተለውጧል። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል የምትገኝበት የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 በሕፃናት ስፖርት ላይ የራስ ምትን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ ሌሎቹም ግዛቶች ተከተሏት። በዚህ ሕግ መሠረት ልጁም ወላጁም ስለ አደጋው የሚናገረውን ወረቀት አንብበው በየዓመቱ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ይፈርማሉ። ራሱን ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅም የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት ወደ ሜዳ አይመለስም። ከጎንደርም ሆነ ከወረታ የሄደ አባት ልጁ ፉትቦል ልጫወት ካለው ይህን ወረቀት ማንበብ ይኖርበታል። ልጁ አድጎ ከክለብ ጋር ሲዋዋል ግን የሚፈርመው ብቻውን ነው፤ ሚስቱንም እናቱንም የሚጠይቅ የለም።