አጥንት አነቀው ከማለት በፊት

ልጆቼ፥ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው የቆላው ወበቅ ነው፤ ከወበቁም ጋር በየአጥሩ ጥግ ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ ውሻ ያያል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ገላው አያልበውም፥ የውስጡን ሙቀት የሚያወጣው ይበልጡን በአፉ ነውና ማለክለኩ ሁሉ ሕማም አይደለም። ስለዚህ ቡችላችሁ በጥላ ሥር ተኝቶ እንቅልፍ ሲወስደው የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት ሰዓት ይዛችሁ ቍጠሩ፤ ደኅና ውሻ ዐርፎ ሳለ በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል፥ ቡችላ ጥቂት ቢጨምር አያስደነግጥም፤ ጥላ አግኝቶ ውሃም ጠጥቶ ትንፋሹ ካልሰከነ ግን ያን ጊዜ ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ባለፈው ወር አንድ የጎረቤት ብላቴና ቡችላውን በነጠላ አቅፎ መጣና፥ «አባባ፥ ሌሊት ሌሊት ይስላል፤ ሆዱም እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ሳል የሳንባ ነው፥ ንፋት የሆድ ነው፤ ሁለት ደዌ ባንድ ጊዜ ያዘው ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። አስተውሎ የጠየቀ ልጅ ነውና ደስ አሰኘኝ። ደዌው አንድ ነበረ፥ ወስፋት። የውሻ ወስፋት ቡችላው ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ይጋባበታል፥ ከተወለደም በኋላ ከጡት ወተት ጋር ይገባል፤ ደቃቆቹ እጮችም በጉበት በኩል ወደ ሳንባ ይሻገራሉ፥ ከሳንባ በሳል ወደ ጉሮሮ ይወጡና ተመልሰው ተውጠው በአንጀት ውስጥ ያድጋሉ። እንግዲህ ሳሉ የትሉ መንገድ፥ ንፋቱ የትሉ ማደሪያ ነው። መድኃኒቱ በክብደት ተመጥኖ፥ ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ቢሰጥ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የትሉ ዕንቍላል በአፈር ተቀምጦ በሕፃናት አፍ ስለሚገባ፥ ኵሱን መቅበርና እጅን መታጠብ ለቡችላው ብቻ ሳይሆን ለታናሽ ወንድማችሁም ነው።

ብላቴናው ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ግን አንዲት ደግ እናት ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ሊያጠጡለት ቀርበው ነበር፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ቡችላው አልቀምስም ብሎ ተረፈ። በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርት እያበቀልን የምንኖር እኛ ይህን አጥብቀን ማወቅ ይገባናል፤ ቀይም ይሁን ነጭ፥ ጥሬም ይሁን በወጥ ውስጥ የበሰለ፥ ሽንኩርት የውሻን ደም ይሰብራል። ጉዳቱም በዕለቱ ሳይሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ይገለጣል፤ ድዱ ይነጣል፥ ሽንቱ ይቀላል፥ ደሙ ስላነሰውም ሳይሮጥ ያለከልካል። የተበላውም ነገር ስለሚረሳ ባለቤቱ የሳንባ በሽታ ይመስለዋል። ለሰው ፈውስ የሆነ ሁሉ ለእንስሳ ፈውስ አይደለም።

ቡችላችሁ ከአንድ አፍንጫው ብቻ ደም የሚያንጠባጥብና ሲተነፍስ የሚያፏጭ ከሆነ፥ ካቆረ ውሃ ወይም ከምንጭ ሲጠጣ አልቅት ገብቶበት እንደ ሆነ ጠርጥሩ። ከማስመለስ ጋር ደም የተቀላቀለበት የሚከረፋ ተቅማጥ የያዘውን ቡችላ ግን አንዲት ሌሊት እንኳ ሳታሳድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ የውሃ ማለቅ ፈጥኖ ይገድለዋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወጣት ሳለሁ፥ ከፋሲካ በኋላ በሰነበተ አንድ ቀን፥ ቡችላዬ አፉን ገጥሞ መዝጋት ተስኖት፥ ለሃጩ እየተዝረበረበ፥ ውሃ ቀርቦለት መዋጥ አቅቶት፥ ድምፁም ሻክሮ አገኘሁት። በየቤቱ የበግና የዶሮ አጥንት የተጣለበት ሰሞን ነበረና አጥንት አነቀው ብዬ እጄን እስከ ጉሮሮው ሰደድሁ። አጥንት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነበረና እኔም አዲስ አበባ ወጥቼ ክትባቱን ለብዙ ቀናት ሆዴን ተወጋሁ። ይህ በሽታ ውሻን ሁልጊዜ ተናካሽ አያደርገውም፤ ቫይረሱ በነርቭ ተጕዞ አንጎል ሲደርስ የመንጋጋንና የጉሮሮን ጡንቻ ያሰንፋል፥ ለሃጩም ያን ጊዜ መርዝ ነው። እንዲህ ያለ ቡችላ ዝም ብሎ፥ አሳዝኖ፥ እጃችሁን ይለምናችኋል። ርኅራኄ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን እጃችሁን አትስጡት፤ ማንም ከማይደርስበት ቦታ ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ።

ለሃጩ ቁስላችሁን ወይም ጭረታችሁን ቢነካ፥ ቢነክሳችሁም፥ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፥ በዚያው ቀንም ለክትባት ጤና ጣቢያ ድረሱ። ሕመሙ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻው እስከ ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ስላሉ ክትባቱ ይቀድመዋል፤ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. የ9 ዓመት ልጅ ያዳነው በዚሁ ጊዜ ተጠቅሞ ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፥ እኔም እሄዳለሁ፤ ነገር ግን ክንዱን ለመርፌው ሰጥቶ ይሂድ።

ይህ ደዌ በቤታችን አጥርም አይገታም። ከእኛ በላይ በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ቍጥሩ 500 የማይሞላ ፍጥረት ነው፥ በየጊዜውም ከሚያሰጉት ነገሮች መካከል ከእረኛ ውሾች የሚጋባበት ይኸው የእብድ ውሻ በሽታ አንዱ ነው።

የብላቴናው ቡችላ ሆዱ ጎድሎ ሳሉም ትቶት በዚህ ሳምንት 3 ወር ይሞላዋል። ሰኞ ማለዳ፥ ወበቁ ሳይበረታ፥ ለክትባት አብረን እንወስደዋለን፤ ገመዱን ብላቴናው ይይዛል፥ እኔም ከኋላ እከተላለሁ።