በቅሎና የካደችው አባት



«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለውን ተረት በመካከላችን ያልሰማ የለም። ከጭላሎ ደጋ ገብስ ተጭነው ወደ አሰላ የሚወርዱ በቅሎዎችን እያየ ያደገ ሰው ደግሞ የተረቱን መርዝ ያውቃል፤ እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ ነውና። ይህ ተረት በአንድ ሽምግልና ላይ ሲነገር ሰምቻለሁ። በኩሊነት ሠርቶ ያሳደገውን አባቱን ሥራ የተጠየቀ ወጣት ስለ ባለጸጋ አጎቱ መናገር ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ወጣቱም አንገቱን ደፋ።

ሰው ከወላጆቹ የተቀበለውን ሊክድ ይችላልን? በተቀበለውስ ሊፈረድበት ይገባልን?

የውርስን ሕግ በጥንቃቄ ከመረመሩት ቀዳሚው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኩሴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጽሑፉ፣ የአተር ጠባይ ከወንዴውም ሆነ ከሴቴው ወገን ቢመጣ ውጤቱ አንድ መሆኑን አሳየ። ዳሩ ግን ይህ ሕግ በአጥቢ እንስሳት ዘንድ ሁልጊዜ አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ1984 ተመራማሪዎች ከሁለት እናቶች ብቻ ወይም ከሁለት አባቶች ብቻ ዘር የተገኙ የአይጥ ፅንሶችን ለማሳደግ ሞክረው ነበር፤ አንዱም ለመወለድ አልበቃም። የሁለት እናቶቹ ፅንስ እንግዴ ልጁ ደከመ፤ የሁለት አባቶቹ እንግዴ ልጁ ቢያድግም ፅንሱ ቀጨጨ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በአንዳንድ ጂኖች አጠገብ ሜቲል የሚባል ኬሚካላዊ ምልክት ይለጠፋል። ምልክቱ የጂኑን ፊደላት አይለውጥም፤ ነገር ግን ከአባት የመጣው ጂን ሲሠራ ከእናት የመጣው ዝም እንዲል፣ ወይም ተገላቢጦሽ እንዲሆን ያደርጋል። በሰው ዘንድ እንዲህ ያሉ ጂኖች 100 ያህል ናቸው። እንቁላል በሚጥሉት አጥቢዎች ዘንድ ስላልተገኘ፣ ይህ ሥርዓት ፅንስን በማኅፀን ከመመገብ ጋር አብሮ እንደ መጣ ይታሰባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በተለይ የፈረስንና የአህያን ዲቃሎች እንግዴ ልጅ መርምሯል። በዚያ ውስጥ ምልክት ካለባቸው ጂኖች ይበልጥ ሲሠሩ የተገኙት ከአባት የመጡት ናቸው። እንግዲህ በቅሎ በባዝራዋ ማኅፀን ሳለች ምግቧን ይስብላት የነበረው ያ የካደችው አህያ የሰጣት ውርስ ጭምር ነበር።

ከዚህ ተነሥተን ግን ሁለት ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። የመጀመሪያው፣ ዴቪድ ሄግ የተባለው ሊቅ የአባት ጂን ለፅንሱ ብዙ እንደሚጠይቅ፣ የእናት ጂን ደግሞ እንደሚቆጥብ በማስረዳቱ፣ ትዳር በተፈጥሮው ጦርነት ነው ማለት ነው። ጂን ፈቃድ የለውም፤ አይወድም፣ አይጠላም። መውደድና መጥላት የሰው ነው፣ ተጠያቂነቱም እንዲሁ።

ሁለተኛው፣ ምልክትን እንደ ዕጣ ፈንታ መቁጠር ነው። አንድ ወንድ ከእናቱ የተቀበለውን ጂን ለልጁ ሲያስተላልፍ፣ የእናትነቱ ምልክት አስቀድሞ ተፍቆ የአባትነት ምልክት ይተካበታል። ይህ ለግብረ ገብ ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ የሰውን ክብር የምንለካው በኬሚካል አይደለምና። ቢሆንም ሥጋ እንኳ የወረሰውን እንዳለ እንደማያስተላልፍ ያስታውሰናል።

ያ ወጣት አባቱን በመሸሸጉ ተሳስቷል፤ ውለታን መካድ ነውና። ነገር ግን እንዲሸሽግ ያስገደደው የእኛ ሳቅ አይደለምን? በቅሎዋ የዋሸችው ጠያቂዎቿ አህያን ስለሚንቁ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን አባታቸውን በግልጥ እንዲጠሩ ብንፈልግ፣ አስቀድመን አጠያየቃችንን እናርም።